አህያዋን ሰላም ማለት ምን ችግር አለው?

በካልጋሪ ፓይንሪጅ ለቅሶ ቤቱም፣ ስልኩም፣ የልጅ ልጁ ጥያቄም ጨዋታ ይወልዳል

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። ጋራዡ ለሰው ተለቆ መኪናው ውጭ በረዶ ተከናንቦ ቆሟል። ግራና ቀኝ ተጣጣፊ ወንበር ተደርድሯል፤ ጣሪያው ላይ የተሰቀለው ማሞቂያ ያጉረመርማል። የመፍቻና የቀለም ቆርቆሮ ማስቀመጫ የነበረው መደርደሪያ ለሁለት ትልልቅ ፔርሙዝ፣ ለአንድ ሳህን ቆሎና ለወረቀት ኩባያ ቦታውን ለቋል። ውጭው ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ነው። የሚገባው ሰው በሩ ላይ የጫማውን በረዶ ያራግፋል፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ይቀመጣል። ከዚያ እንደ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ዝም ነው።

ዝምታውን የሰበረው ከሟች ጋር ካርቱም ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ የኖረ ጓደኛው ነበር።

«ያችን ገመድ ታስታውሳላችሁ?»

ሁለት ሦስት ሰው ቀና አለ። አንዱ ገና ከአሁኑ አፉን በመዳፉ ያዘ።

«መኪና በገዛበት ክረምት ነው። ‹ማታ ማታ ኤሌክትሪክ ላይ ሰካት፣ አለዚያ ጠዋት አትነሳልህም› አልነው። ሰካት። ጠዋት ንቀላት ያለው ሰው ግን አልነበረም።»

አንድ ሁለት ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ያንን ብርቱካንማ ገመድ እንደ ጅራት እየጎተተ 52ኛ ስትሪትን ይዞ ወጣ። ከኋላ ጡሩምባ፣ ከጎን ጡሩምባ። መብራት ሲይዘው ሰዎቹ መስኮት ከፍተው በእጃቸው ያሳዩታል። እሱ ደግሞ አስተዳደጉ ነው፣ ለእያንዳንዱ አንገቱን ሰበር እያደረገ እጅ ይነሳል። ሥራ ቦታ ስንገናኝ ምን አለኝ? ‹ስማ እንጂ፣ እነዚህን ሰዎች ቀዝቃዛ ናቸው ያለን ማን ነው? ከቤቴ እስከዚህ ሰላም ያላለኝ የለም!›»

ጋራዡ ፈነዳ። ከቤት ወደ ጋራዥ በሚያስገባው በር ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የቆመችው ባለቤቱ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች።

«ገመዱም የእኛ አልነበረም» አለች። «የጎረቤት ነው። ሲፈልጉት ዋሉ።»

እሷም ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ ቀደማት፤ ሴቶቹ ደግፈው ወደ ውስጥ አስገቧት። ወንዶቹ መካከል ግን ወሬው አልቆመም። ቀጥሎ ሟች ስለ ገዛው የበረዶ ጫማ፣ ከዚያ ጋዳሪፍ ላይ ስለ ሸጠው ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ገና ተማሪ ሳለ ስለ ጻፈው የፍቅር ደብዳቤ ተነሣ። ሰውየው በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤቱ የተመለሰ ያህል ሆነ።

ሰፈሩ

ፓይንሪጅ በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ፣ በ16ኛና በ32ኛ አቬኑ፣ በ52ኛና በ68ኛ ስትሪት መካከል ያለ ሰፈር ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው፤ ቤቶቹም የዚያ ዘመን ናቸው፤ ዝቅ ያሉ፣ ቤዝመንት ያላቸው፣ ጓሮ ያላቸው። በደቡብ በኩል የሚያዋስነው 16ኛ አቬኑ ካናዳን ከጫፍ ጫፍ የሚያቋርጠው አውራ ጎዳና አካል ነው። 52ኛ ስትሪት ላይ በቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር በሌስተር ፒርሰን ስም የተሰየመው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ከዚያ ራቅ ሳይል ሰው ሠራሽ ማዕበል የሚነሣበት መዋኛ፣ የበረዶ መንሸራተቻና ቤተ መጻሕፍት አንድ ላይ የያዘው ቪሌጅ ስኩዌር ይገኛል። አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ዋና አስገብተው ከመስታወቱ ወዲህ ቡናቸውን ይዘው የሚጨዋወቱት እዚያ ነው።

ሰፈሩ ከብዙ አገር የመጣ ሰው የሚኖርበት ነው፤ ሐበሻውም ከብዙዎቹ አንዱ ነው። ቀደም ብለው የመጡት በሱዳንና በኬንያ ስደት አልፈው የገቡ ናቸው። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ግለሰቦችና ቤተ ክርስቲያኖች ስደተኛን ራሳቸው ኃላፊነት ወስደው እንዲያስመጡ ፈቅዳለች፤ በዚያ በር የገባ ወንድም እህቱን፣ እህት ደግሞ እናቷን አስከተለች። ሥራው ታክሲ፣ የጭነት መኪና፣ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወይም ከከተማው ውጭ ሃይ ሪቨር ያለው የሥጋ ፋብሪካ ነው። በጾም ወራት ከንጋት ጀምሮ ሥጋ ሲቆርጥ ውሎ ማታ ሽሮ የሚበላ ሰው ስለዚህ ቀልድ አይጠፋውም።

ያ ገመድ እውነተኛ የአገሩ ዕቃ ነው። ብርዱ ሲጠነክር የሞተር ዘይት ይወፍራል፤ ባትሪው ይደክማል። ስለዚህ የዚህ አካባቢ መኪኖች ሞተራቸው ውስጥ ትንሽ ማሞቂያ አላቸው፤ ሶኬቱ ከፊት ፍርግርጉ ይወጣል፤ ሌሊቱን ከግድግዳው ጋር በገመድ ተያይዞ ያድራል። ካልጋሪ ከባሕር ወለል በላይ 1,045 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አዲስ አበባ በከፍታ ከእሷ በእጥፍ ትበልጣለች፤ ብርዱ ግን የካልጋሪ ይብሳል። «የደጋ ልጅ ነኝ፣ ብርድ አይበግረኝም» ብሎ የመጣ ሰው ሁሉ ይህን ሂሳብ አንድ ቀን ጠዋት መኪናው አልነሣ ሲለው ይማራል።

ከዚያ ደግሞ ቺኑክ አለ። ከተራሮቹ ወርዶ የሚመጣ ደረቅ ሞቃት ነፋስ ነው። ከካልጋሪ በስተደቡብ ባለችው ፒንቸር ክሪክ እ.ኤ.አ. በጥር 1962 ሙቀቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከዜሮ በታች 19 ወደ ከዜሮ በላይ 22 ዲግሪ ዘልሏል። ጠዋት ካፖርት ለብሶ የወጣ፣ ከሰዓት ካፖርት ተሸክሞ ይመለሳል። አዲስ የመጣ ሰው «ክረምቱ አለቀ» ብሎ ቦት ጫማውን ቤዝመንት ካወረደ፣ ነባሮቹ ምንም አይነግሩትም፤ ጠብቀው ይስቁበታል። እነሱም ተስቆባቸዋል።

ለምን ለቅሶ ላይ?

ጋራዡ ውስጥ የሆነው ነገር አዲስ አይደለም። አገር ቤት የእድር ድንኳን ውስጥ ሦስተኛው ቀን ላይ ካርታ ይወጣል፤ ኮንከር የሚጫወተው ሰው ድምፅ ቀስ በቀስ ከፍ ይላል። ሐዘንተኛውን ብቻውን ላለመተው የተቀመጠ ሰው እንቅልፉን የሚያባርረው በጨዋታ ነው። ሙሾ የሟችን ደግነት ያወሳል፤ ጨዋታው ደግሞ ሙሾ የማይነካውን ያወሳል፦ ስስቱን፣ ግትርነቱን፣ ያላዋቂነት ቀኑን። ሰው የሚናፈቀው በሁለቱም ነው፤ በሁለተኛው ግን ይበልጥ።

የአማርኛ ጨዋታ አባት ተደርገው የሚቆጠሩት አለቃ ገብረ ሐና ራሳቸው የዚህ ማስረጃ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፎገራ ተወልደው ያደጉ ሊቅ ነበሩ። ዛሬ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋም የሳቸው እጅ ያለበት ነው፤ በየበዓሉ ካህናት በመቋሚያ ወዲያና ወዲህ ሲሉ የአለቃ እንቅስቃሴ አብሮ ይሄዳል። ሕዝቡ ግን ከዜማቸው ይልቅ በመንገድ ላይ፣ በማዕድ ላይ፣ ከሚስታቸው ከማዘንጊያ ጋር የተናገሩትን ይዞ ቀረ። የሳቸው ያልሆነውንም ጨመረላቸው፤ ማን አሳቀህ ሲባል የሚጠራ ስም ያስፈልጋላ።

ጽሑፉም ያንኑ መንገድ ተከትሏል። ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ የሕዝቡን ጥያቄ ሲመልስ፣ የማይረባ የሚመስለውን ጥያቄ ቁም ነገር አድርጎ፣ ቁም ነገሩን ደግሞ ሳቅ አድርጎ ነበር። መስፍን ሀብተማርያም «የቡና ቤት ሥዕሎችና ሌሎችም ወጎች» ብሎ መጽሐፍ ሲያወጣ፣ ማንም ሲያልፍ ቀና ብሎ የማያየውን የቡና ቤት ግድግዳ ርእስ አደረገው። በዕውቀቱ ስዩምም በወጎቹ ከሰፈር፣ ከዘመድና ከራሱ ስንፍና ብዙ ያመርታል። የሦስቱም ማሳ ያው ነው፤ ሁሉም ሰው ያየው፣ ማንም ያልጻፈው ነገር።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። ሰሚው ነገሩን ማወቅ አለበት። ጋራዡ ውስጥ «ያችን ገመድ» ሲባል፣ ገና ታሪኩ ሳይጀመር ሰውየው አፉን የያዘው ለዚህ ነው። እድርም ማኅበርም ያለ መተዳደሪያ ደንብ ሊቆም ይችላል፤ አንድ ላይ የሚያስቅ ትዝታ ሳይኖረው ግን አይቆምም። ስደተኛ ቶሎ የሚያጣውም ይህንን ነው። ሥራ ቦታ ሲቀልድ ማስረዳት አለበት፤ አስረድቶ ሲጨርስ ሰዉ በጨዋነት ፈገግ ይልለታል፤ እሱም ሁለተኛ አይሞክረውም።

ሰባት ሰዓት

በየቤቱ ቅዳሜና እሑድ የሚደገም አንድ ትርዒት አለ። ስልኩ በምስል ይደወላል፤ አያት ከወዲያ፣ ልጅ ከወዲህ ይቀርባሉ።

«ስንት ሰዓት ነው እናንተ ጋ?»

«ሰባት» ይላል ልጁ፤ እውነቱን ነው፣ ግድግዳው ላይ የሚያየው ቁጥር ሰባት ነው።

«ሰባት ሰዓት! ምሳ በላህ?»

«አሁን ነው የተነሣሁት።»

አያት ወዲያው እናቱን ታስጠራለች። እስከ ሰባት ሰዓት የሚተኛ ልጅ ነው እንዴ ያሳደግሽው? እናት ትስቃለች፤ ታስረዳለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ነው።

ሂሳቡ ቀላል አይደለም። በክረምት ካልጋሪ ከኢትዮጵያ 10 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ መጋቢት ላይ ሰዓት ሲገፋ 9 ይሆናል፤ ኅዳር ላይ ይመለሳል። በዚያ ላይ የእኛ ሰዓት ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ስለሚቆጠር 6 ይጨመርበታል። የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ 7 ወይም 8 ዓመት ይለያል። አንድ ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ ጣሪያ የሚያየው ዋሽቶ አይደለም፤ እየቀነሰ ነው።

የልደት ቀኑም የራሱ ጨዋታ አለው። በስደተኛ ሰነድ ላይ የተወለደበት ቀን ያልታወቀ ሰው ዓመቱ ብቻ ይጻፍና ቀኑ ጃንዋሪ 1 ይሆናል። አንድ ቤት ውስጥ አባት፣ እናትና አጎት በአንድ ቀን የተወለዱ ሆነው ይገኛሉ። ልጆቹ በዚያን ቀን አንድ ኬክ ገዝተው ሦስት ስም ያጽፉበታል። «እኛ አገር ስንት ሰው በአንድ ሌሊት ተወለደ!» እያሉ የሚስቁት ባለልደቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ ያ የታተመ ቀን ግን የሚያስታውሳቸው የካምፑን ወረፋ፣ የጸሐፊውን እስክሪብቶና «ቀኑን አላውቀውም» ያሉበትን ሰዓት ነው።

ይኸው ስልክ ሌላም ነገር ያመጣል። መርዶ በስልክ ለባለቤቱ አይነገርም። አገር ቤት ያሉት ለጓደኛ ይደውላሉ፤ ጓደኛ ለሌላ ጓደኛ፤ ሺፍቱ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ይጣራል፤ ሰውየው ትንሽ እንዲተኛ ይጠበቃል። ከዚያ ሳይነጋ ሦስት አራት ሰው ካፖርቱን ለብሶ በሩን ያንኳኳል። ፓይንሪጅ ውስጥ ማለዳ ላይ ሳይደውሉ በአንድነት የመጡ ሽማግሌዎችን በመስኮት ያየ ሐበሻ፣ በሩን ከመክፈቱ በፊት ነገሩን ያውቃል።

ከሰማይ የወረደው

እ.ኤ.አ. ሰኔ 13 ቀን 2020 በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ላይ የጎልፍ ኳስ፣ በቦታ ቦታውም የቴኒስ ኳስ የሚያህል በረዶ ወረደ። የቤቶቹ የፕላስቲክ ልባስ ወንፊት ሆነ፣ መስኮት ተሰበረ፣ የመኪና መስታወት ዱቄት ሆነ። ኢንሹራንሶች የከፈሉት ከ1.2 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ነው፤ በአገሪቱ ታሪክ ከባድ ኪሳራ ካደረሱ የተፈጥሮ አደጋዎች መካከልም ተመዝግቧል።

ከዚያ ቀን የተረፈው ጨዋታ ግን የአንዲት እናት ነው፤ እውነቱን የቀለጠው በረዶ ይወቀው። ለኢንሹራንስ ማስረጃ ይሆናል ብላ ትልልቁን በረዶ ለቅማ በከረጢት ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጣለች። ሐበሻ ቤት ፍሪዘር ውስጥ ምን እንዳለ የታወቀ ነው፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ከአገር ቤት የመጣ ድብልብል ቅቤ። ገማቹ ሲመጣ በኩራት ከረጢቱን አውጥታ ትሰጠዋለች። ሰውየው ፈትቶ አየና አሸተተ። «ይሄም ከሰማይ ነው የወረደው?» አለ ይባላል።

በዚያው ቀን ያልሳቀም ሰው ነበር። ገጠር ያደጉት ሽማግሌዎች በረዶው ሲያባራ መኪናቸውን አላዩም። በጓሮ በር ወጥተው ያዩት ጎመኑንና ቲማቲሙን ነው። ጤፍ እሸት ላይ ሳለ በረዶ የመታው ማሳ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው፣ መስታወት ሲሰበር «እሱስ ይተካል» ብሎ ያልፋል። ሌላው ሰው ስለ ኢንሹራንስ ሲያወራ እነሱ ዝም ብለው የወደቀውን ቅጠል ሰበሰቡ።

ጤፉ ራሱ ዛሬ ሌላ መንገድ ይዟል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክላ ነበር፤ ሰሜን አሜሪካ ግን በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ሠርቶ የተመለሰው ዌይን ካርልሰን አይዳሆ ላይ ማብቀል ጀምሮ ነበር። የአይዳሆ ጤፍ ከጎረቤት በተገኘ እርሾ ይቦካል፤ በክረምት ሊጡ አልነሣ ሲል የቤዝመንቱ ማሞቂያ አጠገብ ይወርዳል። ቡናው ሲቆላ የጭስ አላርሙ ይጮኻል። ድሮ ቡና ሲፈላ የልጅ ሥራ ጎረቤት መጥራት ነበር፤ እዚህ የልጅ ሥራ ወንበር ላይ ቆሞ አላርሙን በፎጣ ማራገብ ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ ስለ ቤታቸው ቡና ሲጠየቅ ያ ልጅ የሚያወራው ስለ ዕጣኑ አይመስለኝም፤ ስለ ፎጣው ነው።

አህያዋ

ከወረታ የመጡ አንድ አያት ናቸው። ለስምንት ዓመት የልጅ ልጃቸው አንድ ማታ የአለቃን ጨዋታ ያወሩለታል። አለቃ በመንገድ ሲሄዱ አህያ የሚነዳ ሰው ያገኛሉ፤ «እንደምን አደራችሁ?» ይሉታል። ሰውየው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል። ትንሽ እንደ ሄደ ብቻውን መሆኑ ትዝ ይለዋል። አብራው ያለችው አህያዋ ብቻ ናት፤ ይናደዳል።

አያት ይህን ሲጨርሱ ራሳቸው ሳቁ። ልጁ አልሳቀም።

«ሰውየው ለምን ተናደደ?»

«ከአህያዋ ጋር ደምረው ሰላም ስላሉት ነዋ!»

«አህያዋን ሰላም ማለት ምን ችግር አለው?»

አያት መልስ ሲፈልጉ ልጁ ቀጠለ። «እዚህ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ውሻውን ነው ሰላም የሚለው። አንተስ የማክስን ባለቤት ስሙን ታውቀዋለህ?»

አያት አያውቁትም። ማክስ ጎረቤታቸው በየጠዋቱ የሚያወጣው ነጭ ውሻ ነው። ቁመቱን፣ የሚወደውን ብስኩት፣ እግሩን መቼ እንደታመመ ያውቃሉ። የባለቤቱን ስም ጠይቀው አያውቁም። በየቀኑ በእንግሊዝኛቸው «ሃይ ማክስ» ብለው፣ ለሰውየው ደግሞ ፈገግ ብለው ያልፋሉ። አለቃ አህያዋን አስቀድመው፣ ሰውየውን ጨርሰው ትተውት ቢሆን ኖሮ ጨዋታው የእኚህ አያት በሆነ ነበር። ይህ ሲገባቸው ከቅድሙ ይልቅ አብዝተው ሳቁ። ሲስቁ ያየው ልጅ ምኑ እንዳሳቃቸው ሳይገባው አብሮ ሳቀ።

ብዙ ወላጅ ልጆቹ ጨዋታ አይገባቸውም ብሎ ያዝናል፤ ስለዚህ ልጅ ሲመጣ ያቆማል፣ ወይም ማስረዳት ይጀምራል። ሁለቱም አያዋጣም። ከልጁ ፊት መጫወት፣ እንደ ፈለገ እንዲሳሳት መተው፣ ስሕተቱንም ጨዋታው ላይ መጨመር ነው። የአለቃ ጨዋታ ከፎገራ እስከ አዲስ አበባ የተጓዘው ማንም ሳይጨምርበት አይደለም፤ እያንዳንዱ ተራኪ የራሱን ሰፈር ከተተበት። ፓይንሪጅም የራሱን ቢያስገባ አያጎድለውም።

የማይሳቅበት

ይህን ሁሉ ሲጽፉ የሳቁን ሌላ ገጽ አለማየት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ፣ ከአገራቸው ርቀው የሚያለቅሱና የሚከሱ ስዊሶችን አይቶ የአገር ናፍቆትን በሽታ ብሎ መዝግቦታል፤ መድኃኒቱ ወደ ቤት መመለስ ነው አለ። መመለስ የማይችል ሰው መድኃኒቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል። አንዳንዱ በሳቅ ይታከማል፤ አንዳንዱ ደግሞ በሳቅ ይሸሸጋል። «እንዴት ነህ?» ሲባል ሁልጊዜ ቀልድ የሚመልስ ሰው አለ፤ ቀኑ 8 ሰዓት ብቻ በሚበራበት ታኅሣሥ ወር ቤዝመንት ውስጥ ብቻውን መሆኑን ማንም አይጠይቀውም።

ትዝታም ያሳምራል። በደርግ ዘመን ቀበሌ ሱቅ ፊት የነበረው ሰልፍ ዛሬ ሲተረክ ሰው እንባው እስኪወርድ ይስቃል፤ ያኔ ግን ሰልፉ ላይ ቆሞ የሳቀ ጥቂት ነው። ካለፉት ዓመታት ጦርነት ወዲህ ደግሞ የሚቀርበት ጨዋታ አለ። ድሮ በየብሔሩ እየተቀያየሩ ይጣሉት የነበረው ተረብ ዛሬ ወንበር ያስነሣል። ካርቱም ላይ አንድ ፍራሽ የተጋሩ ጓደኛሞች ለቅሶ ቤት በተለያየ ሰዓት መጥተው በተለያየ ሰዓት የሚሄዱበት ጊዜ ሆኗል። ያኔ ነው የጨዋታ ዋጋው የሚታወቀው። ሰው መቀለድ የሚያቆመው አዝኖ ሳይሆን ማን አብሮት እንደሚስቅ መለየት ሲያቅተው ነው።

ስለዚህ አያት ያችን ማታ ያደረጉት ነገር ትንሽ አይደለም። ሕፃኑን ካስተኙ በኋላ ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ወረታ ደወሉ፤ እዚያ እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ታላቅ ወንድማቸው ከቅዳሴ በፊት ስልኩን አነሡ። የአለቃን ጨዋታ ከመጀመሪያው አወሩላቸው፤ ወንድማቸው «አውቀዋለሁ፣ አውቀዋለሁ» እያሉ ታገሡ። ከዚያ የልጁን ጥያቄ ጨመሩበት።

ወረታ ላይ ትንሽ ዝም ተባለ።

«ልጁ እውነቱን ነው» አሉ ወንድማቸው። «የዘንድሮን የአህያ ዋጋ ብታውቅ፣ አንተም ቀድመህ እሷን ነበር ሰላም የምትላት።»